የሰርክልቪል የዱባ በዓል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ኦሃዮ ውስጥ ኮሎምበስ ነው የምንኖረው። በየዓመቱ ቅጠሉ ቢጫ መሆን ሲጀምር ስልኬ በአንድ ጥያቄ ይጨናነቃል፤ "ያ የዱባው በዓል መቼ ነበር?" ከዚያ ሌላው ጥያቄ ይከተላል። መኪና የት ይቆማል? ለጾመኛ የሚበላ አለ? ልጆቹ ይወዱታል? ላለፉት ዓመታት ከቤተሰቤ ጋር ሳላቋርጥ ስለሄድኩ መልሱን አንድ ቦታ ላይ ልጻፈው ብዬ ተነሳሁ።

በዓሉ ምንድን ነው?

ሰርክልቪል ከኮሎምበስ ወደ ደቡብ 30 ማይል ገደማ የምትርቅ ትንሽ ከተማ ናት። ነዋሪዋ 14,000 አካባቢ ነው። በመከር ወቅት አራት ቀን መሃል ከተማዋን ለመኪና ትዘጋና መንገዱን ለዱባ ትለቃለች። ፓምፕኪን ሾው ይሉታል። አዘጋጆቹ በአራቱ ቀናት እስከ 400,000 ሰው እንደሚመጣ ይናገራሉ። በጠቅላላ ሰባት ሰልፎች አሉ። የገበሬዎች ውድድር አለ፣ ማርሽ ባንድ አለ፣ የልጆች መጫወቻ አለ፣ ምግብ ደግሞ በየሁለት እርምጃው አለ። በመሃል መንገድ ላይ በዱባና በቅል የተሠራ ረጅም ማማ ይቆማል። ፎቶ የማያነሳው ሰው የለም።

መቼ ነው የሚከበረው?

በፈረንጆቹ ኦክቶበር ሦስተኛው ረቡዕ ይጀምራል፣ ቅዳሜ ያበቃል። በ2025 ከኦክቶበር 15 እስከ 18 ነበር። በዚሁ ስሌት በ2026 ከ21 እስከ 24፣ በ2027 ደግሞ ከ20 እስከ 23 ይውላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ኦክቶበርን ብዙ ጊዜ "ጥቅምት" ብለን ስለምንተረጉም ሰው ይሳሳታል። አንድ ወዳጄ በኛ ጥቅምት ሦስተኛውን ረቡዕ ቆጥሮ፣ ልጆቹን ጭኖ ሄደ። በዓሉ ካለፈ ሳምንት ሆኖት ነበር፤ የጠበቀው የተጠረገ ባዶ መንገድ ነው። በኛ አቆጣጠር በዓሉ የሚውለው በጥቅምት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ውስጥ ነው። አትተርጉሙት፣ ኦክቶበር ብላችሁ ስልካችሁ ላይ ያዙት።

የሃሎዊን በዓል ነው እንዴ? ልጆቼን ይዤ መሄድ ከብዶኛል።

ይህን የሚጠይቁኝ እናቶች ብዙ ናቸው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ዱባ ሲባል እዚህ አገር መጀመሪያ የሚታሰበው ለሃሎዊን፣ ኦክቶበር 31 ማታ የመናፍስትና የጭራቅ ልብስ ተለብሶ ለሚከበረው በዓል፣ ፊት የተቀረጸበት ዱባ ነውና።

ፓምፕኪን ሾው ግን የመከር በዓል ነው። የገበሬ በዓል ነው። የሚከበረው ከሃሎዊን ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ ቀድሞ ነው። በየሱቁ መስኮት ላይ የተቀረጸ ዱባ ልታዩ ትችላላችሁ፤ ወቅቱ ስለሆነ አይቀርም። የበዓሉ ልብ ግን እዚያ አይደለም። ያበቀሉትን አምጥቶ ለጎረቤት ማሳየት ነው። እኔ ልጆቼን ይዤ ስሄድ ቅር ብሎኝ አያውቅም።

እንዴት ተጀመረ?

በ1903 ነው። የያኔው ከንቲባ ጆርጅ ሃስዌል ከቢሯቸው ፊት ለፊት የበቆሎ አገዳና ዱባ ደርድረው ለመንገደኛ አሳዩ። በቃ፣ መነሻው ይኸው ነው። በዓመቱ ጎረቤቶችም የየራሳቸውን ይዘው መጡ፤ እያለ እያለ ዛሬ ያለው በዓል ሆነ። በ2020 በኮሮና ምክንያት አልተከበረም።

ይህን ታሪክ የምወደው ትንሽ ስለሆነ ነው። ትልቅ ገንዘብ አልነበረም፣ ስፖንሰር አልነበረም። አንድ ሰው ዱባ ደረደረ፣ ሌላው አየና የራሱን አመጣ። ዛሬም ሥራውን የሚሸከሙት በጎ ፈቃደኞች ናቸው። እኛ ለማኅበርና ለዝክር እንደምንሠራው አንዱ ሰው ወንበር ይሸከማል፣ ሌላው መንገድ ያሳያል፣ ሌላው ይጠርጋል።

መግቢያ ስንት ነው?

በነፃ ነው። ራሳቸው "በምድር ላይ ታላቁ የነፃ ትርኢት" ብለው ነው የሚጠሩት። ሰልፉንም ዱባውንም በነፃ ታያላችሁ። የምትከፍሉት ለምግብ፣ ለልጆች መጫወቻና ለመኪና ማቆሚያ ነው። ጥሬ ገንዘብ፣ በተለይ ዝርዝር፣ ይዛችሁ ሂዱ።

የትኛው ቀን ይሻላል?

ግዙፎቹ ዱባዎች ሲመዘኑ ማየት ከፈለጋችሁ ረቡዕ። ደመቅ ያለ ነገር ከወደዳችሁ አርብ ማታ ወይም ቅዳሜ። ቅዳሜ ግን ሕዝቡ ለጉድ ነው። ጋሪ የሚገፋ ወላጅና ዱላ የያዘ አዛውንት በዚያ ቀን ይቸገራሉ።

የኔ ምርጫ ሐሙስ ጠዋት ነው። ሠራተኛው ሥራ ላይ ነው፣ ተማሪው ትምህርት ቤት ነው። ገበሬዎቹን ቆም ብላችሁ ማነጋገር የምትችሉት ያን ጊዜ ነው።

እንዴት እንሂድ? መኪና የት እናቁም?

ሩት 23 የሚባለውን መንገድ ይዛችሁ ቀጥ ብላችሁ ወደ ደቡብ ነው። ስትቃረቡ ዱባ መስሎ የተቀባ ትልቅ የውሃ ታንከር ከሩቅ ይታያችኋል። ልጆች መጀመሪያ ያየ ያሸንፋል እያሉ ይወራረዱበታል።

ለመኪና ማቆሚያ ብዙ አትጨነቁ። ነዋሪዎች ግቢያቸውንና ሣራቸውን ያከራያሉ፤ ካርቶን ላይ ዋጋ ጽፈው መንገድ ዳር ይቆማሉ። ትንሽ ራቅ ያለውን ያዙና በእግር ግቡ። ስትወጡ ታመሰግኑኛላችሁ፤ መሃል ያቆመ ሰው ለመውጣት ብዙ ይጠብቃል። ያቆማችሁበትን መንገድ ስም ፎቶ አንሱት። ሣር ሁሉ አንድ ነው የሚመስለው።

ዱባው እውነት እንደሚባለው ትልቅ ነው?

ከሚባለውም ይበልጣል። እዚያ ከ1,500 ፓውንድ በላይ የመዘነ ዱባ ቀርቧል። ወደ ኪሎ ስትመልሱት 680 ነው። ከአንድ ሰንጋ በሬ ሊበልጥ ይችላል። ዱባው በጭነት መኪና ይመጣል፣ በፎርክሊፍት ይነሳል። ሚዛኑ ላይ ሲቀመጥ ሰው ሁሉ ዝም ይላል። ቁጥሩ ሲነበብ ጩኸቱ ይቀልጣል።

ዝርያው አትላንቲክ ጃይንት ይባላል። ገበሬዎቹ ዘሩን አፕሪል ላይ ቤት ውስጥ ያበቅሉታል፤ ብርዱ ሲያልፍ ወደ መሬት ያዛውሩታል። ከአንድ ሐረግ ላይ አንድ ፍሬ ብቻ ያስቀራሉ፣ ሌላውን ይቀጥፉታል። የሐረጉ ጉልበት ሁሉ ወደዚያች አንድ ፍሬ ይሄዳል። በደንብ በሚያድግበት ሰሞን በአንድ ቀን 40 ፓውንድ ሊጨምር ይችላል። ማታ ብርድ ልብስ የሚያለብሱት አሉ። ከፀሐይ የሚከልሉት አሉ። እንደ ጥጃ ነው የሚያሳድጉት።

የዓለም ክብረ ወሰን በየጊዜው ይሰበራል። በ2023 ካሊፎርኒያ፣ ሃፍ ሙን ቤይ ላይ የቀረበው 2,749 ፓውንድ መዝኗል። ይበላል ወይ ላላችሁኝ፣ መርዝ የለውም፤ ግን ውሃ ውሃ ይላል። የሚበቅለው ለክብደት ነው።

ምን ይበላል?

ዱባ በሁሉም መልኩ። የዱባ ዶናት፣ የዱባ ፓይ፣ የዱባ አይስክሬም፣ የዱባ በርገር፣ የዱባ ቺሊ። መጀመሪያ ቀን በርገሩን ስሰማ ተጠራጥሬ ነበር። ቀመስኩት፣ ወደድኩት። ቅመም ያለው የተፈጨ ሥጋ ውስጥ ዱባ ገብቶበት ለስለስ ያለ ነገር ነው።

ሊንድሲስ የሚባለው ዳቦ ቤት በየዓመቱ ግዙፍ የዱባ ፓይ ይሠራና መስኮቱ ላይ ያሳያል። ስፋቱ ስድስት ጫማ ገደማ ነው፤ ክብደቱ ወደ 400 ፓውንድ ይጠጋል። የዱባ ዶናቱም ስም ያለው ነው። ወረፋው ረጅም ነው፤ ጠዋት ስትደርሱ መጀመሪያ እዚያ ሂዱ።

ጾም ላይ ነኝ። ምን ልብላ?

ይህ ጥያቄ ሰፋ ያለ መልስ ይፈልጋል። በዓሉ ሁልጊዜ ከረቡዕ እስከ ቅዳሜ ስለሆነ ከአራቱ ቀን ሁለቱ፣ ረቡዕና አርብ፣ የጾም ቀን ናቸው። በዚያ ላይ ወቅቱ ጽጌ ነው፤ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5። ጽጌ የፈቃድ ጾም ቢሆንም በየቤታችን የሚጾሙት ብዙ ናቸው፣ በተለይ እናቶች።

የሚያሳዝነው ነገር እኛ ቤት ዱባ የጾም ምግብ ነው፣ እዚያ ግን አብዛኛው ፍስክ ነው። ፓይ ውስጥ እንቁላልና ወተት አለ። ዶናትም እንዲሁ። ስለዚህ ስሙ ዱባ ስለሆነ ብቻ አትዘናጉ።

የሚሆነው ምንድን ነው? የተጠበሰ በቆሎ፤ ቅቤ እንዳይነኩበት ቀድማችሁ ንገሩ፣ ካልነገራችሁ ይነክሩታል። የድንች ጥብስ፤ ዘይቱን ጠይቁ። ኦቾሎኒ። ፖም። ትኩስ የፖም ጭማቂ፣ ሲደር የሚሉት፤ ለብርዱ ከእሱ የተሻለ የለም። እኛ ግን አርብ ከሄድን ቆሎና ዳቦ ቋጥረን፣ ቡና በፔርሙዝ ይዘን ነው። መንገድ ዳር ተቀምጦ ሰልፍ እያዩ ቡና መጠጣት የቀኑ ምርጥ ሰዓት ነው።

ሙስሊም ወገኖቻችን፣ ሃላል የሥጋ ምግብ አገኛለሁ ብላችሁ አትሂዱ። የአሳማ ሥጋ ብዙ ቦታ አለ፤ መጥበሻውም አንድ ሊሆን ይችላል። ለእናንተም ዱባ አይስክሬሙ፣ በቆሎውና ሲደሩ ይቀላል።

ወላጆቼ ከአገር ቤት መጥተዋል። ይወዱታል?

ሌላውን ጥያቄ ሁሉ ብትዘሉ ይህን እንዳትዘሉብኝ። ይዛችኋቸው ሂዱ።

ወላጆቻችን እዚህ ሲመጡ ምን እንደሚገጥማቸው ታውቃላችሁ። እኛ ሥራ እንሄዳለን፣ እነሱ ቤት ውስጥ ይዘጋባቸዋል። ቅዳሜ ሲደርስ ሞል እንወስዳቸዋለን። ሞል ውስጥ ምን አላቸው? ቋንቋው አይገባቸው፣ ዕቃው አይገባቸው። ወንበር ላይ ተቀምጠው እኛን ይጠብቃሉ።

እናቴ ከደብረ ማርቆስ በመጣችበት ዓመት ሰርክልቪል ወሰድኳት። ከመኪና እንደወረደች ዱባው ተደርድሮ አየች። ጠጋ አለችና አንዱን በጣቷ መገጣጠሚያ ኳ ኳ አደረገችው። ጆሮዋን ሰጥታ አዳመጠች። ባለ ዱባው ሽማግሌ ገበሬ ነበሩ። እሳቸውም ሳቅ ብለው ጎንበስ አሉና ሌላውን ኳ አድርገው አዳመጡ። እናቴ ጭንቅላቷን ነቀነቀች፤ "ይሄኛው ነው የበሰለው።" ተረጎምኩላቸው። ልክ ናት አሉ።

ከዚያ ግማሽ ሰዓት አወሩ። እኔ በመሃል እያስተረጎምኩ። ዝናቡ እንዴት ነበር? ተባይ በላው ወይ? ዘሩን ከየት ታመጣላችሁ? እናቴ አገር ቤት ዱባው በአጥር ላይ እንደሚሳብ ነገረቻቸው። የዱባ ፍሬ ለኮሶ ትል እንደሚሰጥም ነገረቻቸው። እሳቸው አያታቸውም ለልጆች እንዲያ ያደርጉ እንደነበር አስታወሱ። አሜሪካ ከመጣች ወዲህ ሰው አዋቂ መሆኗን አይቶ ሲጠይቃት ያየሁት ያን ቀን ነው። ማታ ለእህቴ በስልክ ስታወራ ድምፅዋ ራሱ ሌላ ነበር።

አንድ ነገር ብቻ አልተቀበለችኝም። ዱባ የአሜሪካ አህጉር ተክል ነው፣ ወደኛ የደረሰው ከ1492 በኋላ ነው ስላት "ዱባማ የኛ ነው" አለች። ስንት መቶ ዓመት በጓሯችን ሲበቅል ኖሮ፣ እኔም አልተከራከርኩም።

ለአዛውንቶች ተጣጣፊ ወንበር ያዙ። መሃል ከተማው ሜዳ ነው፣ ለእግር አያስቸግርም። ሽንት ቤት የት እንዳለ ገና ስትደርሱ አሳዩአቸው። እነሱ ስለማይጠይቁ ቀኑን ሙሉ ተጨንቀው ይውላሉ።

ለዱባ ወጥ የትኛውን ልግዛ?

"ዱባና ቅል፣ አበቃቀሉ ለየቅል" የሚለው ተረት እዚያ ይገባችኋል። ተደርድሮ የምታዩት ሁሉ ለድስት አይሆንም።

ትልቁ ብርቱካናማ፣ ልጆች ፊት የሚቀርጹበት፣ ለወጥ አይረባም። ውሃ ነው፣ ጣዕም የለውም፣ ክር ክር ይላል። ጠቃጠቆ ያለባቸው፣ እባጭ ያወጡ፣ አንገታቸው የተጣመመ ትናንሾቹ ደግሞ ቅል ናቸው፤ ለጌጥ ነው የሚሸጡት።

ለወጥ ስትፈልጉ ሻጩን "ለፓይ የሚሆነውን" በሉት። ትንሽ፣ ክብ፣ ስታነሱት ከመጠኑ በላይ የሚከብድ ነው። ከዚያም ይልቅ የአገር ቤት ዱባ ጣዕም የሚሰጠው ካቦቻ የሚባለው ልጡ ጥቁር አረንጓዴ የሆነው ነው። ውስጡ ደረቅና ጣፋጭ ነው፤ በርበሬውን ይይዛል። በተርነት የሚባለው አንገተ ረጅሙም ጥሩ ነው፣ ለመላጥም ይቀላል። ካቦቻ ግን ልጡ ብርቱ ነው፤ ለሁለት ሰንጥቃችሁ ጥቂት ደቂቃ ኦቨን ውስጥ ብታስገቡት ይለሰልሳል።

ሽንኩርቱን በደንብ አቁላሉ፣ ዱባው መጨረሻ ላይ ይግባ። አብዝታችሁ ካማሰላችሁት ገንፎ ይሆናል። ፍሬውን አትጣሉ። አጥባችሁ፣ አድርቃችሁ፣ በጨው ቁሉት።

ከተማዋ ለምን "ሰርክልቪል" ተባለች?

ሰርክል ክብ ማለት ነው፤ ከተማዋም በእውነት ክብ ነበረች። ከ2,000 ዓመት ገደማ በፊት ሆፕዌል ተብለው የሚጠሩት የአገሬው ቀደምት ሕዝቦች እዚያ ቦታ ላይ ትልቅ ክብ የአፈር ካብ ሠርተው ነበር። በ1810 ሰፋሪዎች መጡና ከተማቸውን በዚያው ክብ ውስጥ ቀየሱ። መሃል ላይ ባለ ስምንት ማዕዘን ፍርድ ቤት፣ ዙሪያውን ክብ መንገድ። በኋላ ክቡ አልመች አላቸው። ከ1830ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ከተማዋን አራት ማዕዘን የሚያደርግ ኩባንያ ተቋቁሞ መንገዶቹን አንድ በአንድ አቃና። በ1850ዎቹ አጋማሽ አለቀ። ካቡም አብሮ ጠፋ። ያ ሁሉ የሰው ልጅ ሥራ መጥፋቱን ሳስብ ያመኛል። የድሮዋን ክብ ከተማ የሚያሳይ የግድግዳ ሥዕል መሃል ከተማ አለ፤ ለልጆቻችሁ አሳዩአቸው።

እንዲህ ያለ ካብ ሳይፈርስ ማየት የፈለገ 20 ማይል ወደ ደቡብ፣ ቺሊኮቲ ድረስ ይንዳ። የሆፕዌል ካቦች በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል።

ከሰው መሃል እንግዳ ሆነን እንታያለን?

አካባቢው ገጠር ነው፤ አብዛኛው ሰው ነጭ ነው። ይህን አልደብቃችሁም። እኛ የገጠመን ግን ጥሩ ነው። የሚያይ አለ፤ ዓይናችሁን አይታችሁ ፈገግ ካላችሁ እሱም ይላል። ነጠላ ለብሳ የሄደች አክስቴን ሦስት ሴቶች አስቁመው ጥለቱን አድንቀውላታል። ጨዋታ ለመጀመር ስለ ዱባው ጠይቁ፣ ሌላ አያስፈልግም።

ልጆች ቢጠፉብንስ?

ስልክ ላይ አትተማመኑ። ሕዝቡ ሲበዛ ኔትወርኩ ይጨናነቃል። አንድ ዓመት ልጄን ለሃያ ደቂቃ አጥቼው ጉልበቴ ከድቶኛል። ከዚያ ወዲህ ገና ስንደርስ የምንገናኝበትን ቦታ እንወስናለን፣ ስልክ ቁጥሬንም ክንዱ ላይ በእስክሪብቶ እጽፍለታለሁ።

ምን እንልበስ?

"በጥቅምት አንድ አጥንት" ያሉት አባቶቻችን ኦሃዮን ባያዩም ልክ ናቸው። ቀን ፀሐይ ሲወጣ ሹራብ ይበቃል። ፀሐይዋ ስትጠልቅ ግን ብርዱ አጥንት ይገባል። ደራርባችሁ ልበሱ። ሙሉ ጫማ አድርጉ። ለአዛውንቶች ጋቢ መኪና ውስጥ ይኑር።

የገዛሁት ዱባ እስከ መቼ ይቆያል?

አናቱ ላይ ያለው እንጨት ካልተሰበረና ልጡ ካልተጫረ ብዙ ይቆያል። ስትሸከሙት እንጨቱን አትያዙ። ደረቅና ቀዝቀዝ ያለ ቦታ፣ ካርቶን ላይ አስቀምጡት፤ ሲሚንቶ ላይ አይሁን። በረዶ እንዳያገኘው በረንዳ ላይ አታሳድሩት። እናቴ የመረጠቻትን ካቦቻ ወጥ የሠራናት የገና ጾም ከገባ በኋላ ነው። ያኔም ኳ ኳ አድርጋ አዳምጣት ነበር።